መለኪያው በእናትየው እጅ

ማርኬቲንግ የሚለው ቃል በተለምዶ ከማስታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ ቢነገርም፣ በሙያው አነጋገር ሰዎች ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከማጥናት ጀምሮ ያንን አዘጋጅቶ፣ ዋጋ ተምኖና አጓጉዞ እጃቸው እስኪገባ ድረስ ያለውን ሥራ በሙሉ የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ማስታወቂያ የዚህ ሥራ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በራዲዮ የሚነበበውም ሆነ በቴሌቪዥን የሚታየው፣ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚታተመውም ሆነ በስልክ አጭር መልእክት የሚላከው አስቀድሞ በአንድ ሰው የተጻፈ በመሆኑ፣ የገበያና የጽሕፈት ሙያ ተለያይተው አያውቁም። ሁለቱ ሙያዎች የሚጋሩት አንድ ትምህርት አለ፤ እርሱም ከማንኛውም ብልሃት በፊት ለሚነገረው ሰው ከልብ ማሰብ እንደሚቀድም የሚያስተምረው ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ጽሑፍ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ የባንክ መልእክትም «ውድ ደንበኛችን» ሳይል መጀመር አይሆንለትም።

ችግሩ ይህን ትምህርት የሚቃወም ሰው አለመገኘቱ ነው። ሁሉም በአፉ የሚቀበለው ነገር ማንንም አያስገድድም፤ መቆርቆርም እንደ ቃና ብቻ ከተወሰደ፣ የለሰለሰ ቃል መምረጥ የሚችል ጸሐፊ ሁሉ ያለ ብዙ ድካም ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ለሰው ማሰብ ይጠቅማል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ እውነተኛው አሳቢነት ከተመሰለው በምን ይለያል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከማርኬቲንግ መማሪያ መጻሕፍት ይልቅ የመድኃኒት ታሪክ የተሻለ መልስ ይሰጣል፤ የታመመ ሰው ለማመን ይቸኩላልና፣ የሚሸጥለትም ሰው ይህንኑ ያውቃልና።

ሊዲያ ፒንክሃም በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በሊን ከተማ የሚኖሩ፣ ባርነትን በመቃወምና መጠጥን በመኮነን የሚታወቁ የቤት እመቤት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1873 የተነሣው የገንዘብ ቀውስ የባለቤታቸውን ንብረት ጠራርጎ ሲወስደው፣ ለጎረቤቶቻቸው ሲያዘጋጁ የኖሩትን ለሴቶች ሕመም የሚሆን የሥራሥር መድኃኒት ከ1875 ጀምሮ በጠርሙስ መሸጥ ያዙ። አብሽና ልዩ ልዩ ሥሮች የተዘፈዘፉበት ይህ መድኃኒት እንዳይበላሽ ተብሎ 18 በመቶ ገደማ አልኮል ነበረበት፤ መጠጥን ሲኮንን ከኖረ ቤት ከጠጅ የበረታ ነገር በመድኃኒት ስም መውጣቱ ዛሬ ፈገግ ያሰኛል።

ሆኖም ሴትዮዋን እንደ ተራ አጭበርባሪ መመልከት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በዚያ ዘመን የሴት ሕመም ለሐኪም ለመንገር የሚያሳፍር ነበር፤ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ በመሆኑ ቢነገረውም በቅጡ አያዳምጥም፤ የሚያዘው ቀዶ ሕክምናም ብዙ ጊዜ ከሕመሙ የባሰ አደገኛ ነበር። ፒንክሃም ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝናና ስለ ማረጥ ሴቶች በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዱ ትንንሽ መጻሕፍት አሰራጩ፤ ከ1879 ጀምሮ የእርጋታና የደግነት መልክ ያለው ምስላቸው በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ወጣ፤ አንባቢዎችም ችግራቸውን በደብዳቤ እንዲገልጹላቸው ተጋበዙ፤ ማስታወቂያዎቹም ደብዳቤውን ወንድ እንደማያየው ቃል ይገቡ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ለባሏም ለሐኪሟም ያልተነፈሰችውን ለማታውቃት ሴት የምትጽፍ አንባቢ የምትፈልገው ከጠርሙሱ ይልቅ የሚሰማ ጆሮ እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ ይህን ፍላጎት ቀድሞ በማየት ረገድም ድርጅቱ በዘመኑ ከነበሩት ሐኪሞች ብዙዎቹን በልጦ ነበር።

ሊዲያ ፒንክሃም እ.ኤ.አ. በ1883 ሞቱ። ማስታወቂያው ግን ሴቶች ለወይዘሮ ፒንክሃም እንዲጽፉ መጋበዙን አላቋረጠም፤ ምስላቸውም ከጋዜጣ አልወረደም፤ ለሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ የድርጅቱ ሠራተኞች መልስ ያዘጋጁ ነበር። በ1905 ሌዲስ ሆም ጆርናል የተባለው የሴቶች መጽሔት፣ በአዘጋጁ በኤድዋርድ ቦክ አማካይነት፣ የሴትዮዋን የመቃብር ድንጋይ ፎቶግራፍ አትሞ አወጣ። ለ22 ዓመታት የአንጀታቸውን ሲጽፉ የኖሩ ሴቶች የጻፉት መሬት ውስጥ ላሉ ሰው እንደነበር ያን ጊዜ አዩ። ቤተሰቡ ወይዘሮ ፒንክሃም ሲባል የሟቿ ምራት ማለት ነው ብሎ ተከላከለ፤ መከላከያው በቃል ደረጃ ሐሰት አልነበረም፣ ያንን የመሰለ እውነት ለመናገር ግን የተዋጣለት ጸሐፊ ያስፈልጋል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ ደግሞ የአልኮሉ መጠን በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አስገደደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ውሸቱ ተጋልጦ ድርጅቱ ከሰረ ተብሎ ቢዘጋ ለማስተማር በተመቸ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ድርጅቱ ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ሲያተርፍ ቆይቷል፣ ሽያጩ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሰውም በ1920ዎቹ ነው። በመሆኑም በሥልጠና አዳራሾች ሲደጋገም የሚሰማው፣ ለደንበኛ ማሰብ በመጨረሻ ትርፍ ያመጣልና እናስብላቸው የሚለው ምክር ደካማ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ትርፍ ያስገኛል ተብሎ ብቻ የተያዘ አሳቢነት፣ ማስመሰሉ የበለጠ ያተረፈ ዕለት ቦታውን ለማስመሰል ይለቃል።

ሰውን በሚገባ ማወቅም ለብቻው መልስ አይሆንም። በማስታወቂያ ሙያ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው ዴቪድ ኦጊልቪ በወጣትነታቸው በስኮትላንድ አጋ የተባለውን የማብሰያ ምድጃ በየቤቱ እየዞሩ ይሸጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ለባልደረቦቻቸው በጻፉት የአሻሻጥ መመሪያም ሻጩ በር ከማንኳኳቱ በፊት የቤቱን ሰዎች ኑሮ፣ ሥራና ዝንባሌ አጥንቶ እንዲሄድ ይመክራሉ። ኋላም አሜሪካ ተሻግረው ጋሉፕ በተባለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት ከሠሩ በኋላ በ1948 በኒው ዮርክ የራሳቸውን የማስታወቂያ ድርጅት አቋቋሙ። ምክራቸው ትክክል ነው፤ የሰውን ኑሮ ሳያውቁ ለእርሱ መጻፍ አይቻልም። ይሁን እንጂ የቤቱን ሰዎች መውጫና መግቢያ ሰዓት ሌባም በትጋት ያጠናል። ዛሬ የስልክ መተግበሪያዎች ስለ ተጠቃሚው የሚያውቁት ነገር የኦጊልቪ ዘመን ሻጭ ሊያልመው ከሚችለው በላይ ሆኖ ሳለ፣ ተጠቃሚው ይበልጥ ታሰበልኝ ብሎ የማይናገረው ስለዚህ ነው።

ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ሥራ የተሠራው ከንግድ ውጭ፣ በባንግላዴሽ መንደሮች ውስጥ ነው። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ከሰውነቱ ተሟጥጦ የሚወጣው ውሃና ጨው ሲሆን፣ ግሉኮስ የተባለው የስኳር ዓይነት በአንጀት በኩል ወደ ደም ሲገባ ጨውን አብሮ ይዞ ስለሚገባና ውሃም ስለሚከተላቸው፣ ስኳርና ጨው በተመጠነ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ሕፃኑን ያድነዋል። ይህን ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1968 ዳካ ውስጥ ባደረጉት ሙከራ አሳይተዋል። በ1971 የባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ስደተኞች በህንድ ድንበር ላይ በኮሌራ ሲያልቁ ደግሞ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የደም ሥር ፈሳሽ ሲያልቅባቸው ውህዱን በበርሜል አዘጋጅተው ለቤተሰብ በማደል፣ 30 በመቶ ገደማ የነበረውን የሟቾች ቁጥር ከ4 በመቶ በታች አወረዱት። ላንሴት የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በ1978 ግኝቱ የክፍለ ዘመኑ ታላቅ የሕክምና እርምጃ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። የባንግላዴሽ ገጠር እናቶች ግን ላንሴትን አያነቡም፤ አብዛኞቹም ማንበብ አይችሉም ነበር።

ፋዝሌ ሃሰን አቤድ የሼል ነዳጅ ኩባንያን የሒሳብ ሥራ ትተው በ1972 ያቋቋሙት ብራክ የተባለው ድርጅት በ1980 ይህን እውቀት በየቤቱ ለማድረስ ሲነሣ፣ በመንደሩ የፋብሪካ ፓኬት እንደልብ አይገኝም፣ ሚዛንም ሆነ የመለኪያ ማንኪያ የለም። ስለዚህ መለኪያው የእናትየው እጅ እንዲሆን ተወሰነ፤ በሦስት ጣት አንድ ቁንጥር ጨው፣ አንድ እፍኝ ጉር፣ ማለትም ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር፣ በግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ። ጨው ከበዛ ሕፃኑን ሊገድለው ስለሚችል ቁንጥሩ እስከ የትኛው የጣት አንጓ እንደሚደርስ እንኳ ተጠንቶ ተወሰነ፤ የውሃው ልክም በእናትየው በራሷ ዕቃ ላይ ምልክት ይደረግበት ነበር። ወጣት ሴት አስተማሪዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ትምህርቱን በጥቂት ነጥቦች ጠቅልለው አስረዱ፤ እናትየዋም እያዩዋት በራሷ እጅ በጠበጠች። የማስታወቂያ ጽሑፍ ውበት በቃላት ጨዋታ ይለካል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን የአንድ መስመር ትእዛዝ ተራ ነገር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን በግራም የተጻፈን ቀመር ትክክለኛነቱን ሳያጣ ወደ ጣትና መዳፍ ማውረድ ከባድ የጽሕፈት ሥራ ነው።

ከትእዛዙም በላይ የሚያስደንቀው የደመወዙ አከፋፈል ነው። የአስተማሪዋ ክፍያ ስንት ቤት ገባች ወይም ስንት ሰዓት አስተማረች በሚለው አልተሰላም፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሌላ ተቆጣጣሪ ካስተማረቻቸው እናቶች የተወሰኑትን በዕጣ መርጦ ይጎበኛል፤ ያስታወሱትን ትምህርት ይጠይቃል፣ የበጠበጡትን ናሙና ይወስዳል፤ የአስተማሪዋ ክፍያም እናቶቹ ባስታወሱትና በትክክል ባዘጋጁት መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። እናትየዋ ከረሳች የጎደለው በእናትየዋ አልተሳበበም፣ የአስተማሪዋ አነጋገር ነው የተመረመረው። አብዛኛው ማስታወቂያና መግለጫ የሚለካው በተነገረው መጠን፣ ማለትም ስንት ቅጂ ታተመ፣ ስንት ጊዜ ተላለፈ፣ ስንት ሰው አየው በሚለው መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ መለኪያውን ከተናጋሪው አንሥቶ ወደ ሰሚዋ ማዞር ምን ያህል ትልቅ ለውጥ እንደሆነ ይገባዋል።

ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ሥራው አልሠመረም። እናቶቹ ትምህርቱን በቃላቸው ይወጡታል፤ ልጅ ሲታመም ግን የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ነበሩ። ድርጅቱ ሰዎቹ አልገባቸውም ብሎ ድምፁን ከማጉላት ይልቅ ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ያገኘው መልስም አስተማሪዎቹን የሚያሳፍር ነበር። ብዙዎቹ ራሳቸው በሚያስተምሩት ነገር አያምኑም፤ ተቅማጥ ሲይዛቸው የሚሮጡት ወደ መድኃኒት ቤት ነው። እናቶቹም የሆድ መታወክን በዓይነት ለይተው ስለሚያውቁት፣ ውህዱ የሚያገለግለው ለአንደኛው ዓይነት ብቻ መስሏቸው ነበር። ወንዶቹ ደግሞ እንግዳ ሴቶች ከሚስቶቻቸው ጋር ምን እንደሚነጋገሩ ሳይነገራቸው በመቅረታቸው አኩርፈው ነበር። እንግዲህ አስተማሪዎቹ የውህዱን አሠራር በቤተ ሙከራ ጭምር እንዲያዩ ተደረገ፣ በየቤቱም አስቀድመው ራሳቸው እየቀመሱ ማሳየት ጀመሩ፤ ወንድ ሠራተኞችም ተቀጥረው በመስጊድና በገበያ ለአባወራዎች አስረዱ። ዘመቻው በ1990 ሲጠናቀቅ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ተዳርሰው ነበር፤ ባንግላዴሽም ዛሬ ይህን ሕክምና በስፋት ከሚጠቀሙ አገሮች ግንባር ቀደም ናት።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ነገር አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚያስተምሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሕክምና ሲሆን፣ እዚህ ኦአርኤስ በሚል ስም በፓኬት ይታወቃል። የተለመደው ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠጣት አለበት። መመሪያው «የፓኬቱን ይዘት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ በመበጥበጥ በ24 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይጠቀሙ» ተብሎ ቢጻፍ ስህተት አይገኝበትም። የሚጻፍላት እናት ግን ሊትርን የምታውቀው በዘይትና በጋዝ ነው፤ በቤቷ ያለው የውሃ መያዣ ሃይላንድ ብላ የምትጠራው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ሃይላንድ ደግሞ ግማሽ ሊትር የሚይዝም፣ አንድ ሊትር የሚይዝም፣ ሁለት ሊትር የሚይዝም አለ። በትንሹ ጠርሙስ የበጠበጠችው እንደሆነ ውህዱ በእጥፍ ጨው ይበዛበታል፤ በትልቁ የበጠበጠችው እንደሆነ ይቀጥንና አቅም ያጣል። ስለ እርሷ የሚያስብ ጸሐፊ ሦስቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ሥሎ በመካከለኛው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ትንሹ ብቻ ላላትም ሁለት ጊዜ ሞልታ በአንድ ዕቃ እንድትገለብጥ ይነግራታል፤ «በ24 ሰዓት ውስጥ» በሚለው ፋንታም «ዛሬ ረፋድ ላይ የተበጠበጠው ነገ ረፋድ ላይ ይደፋ» ብሎ ይጽፋል። በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ ውድ የሚል ቃል የለም፣ እናት ሆይ የሚል ማቆላመጫም የለም።

በንግድ ዓለም የዚህ አሳቢነት አቻ የሚሆነው ሻጩን የሚጎዳ እውነት መናገር ነው። በፊላደልፊያ የጆን ዋናሜከር ትልቅ መደብር እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ማስታወቂያ ይጽፉ የነበሩት ጆን ፓወርስ፣ አንድ የክፍል ኃላፊ የተበላሹ የዝናብ ልብሶች እንዳሉበት በምስጢር ቢነግራቸው፣ የተበላሹ የዝናብ ልብሶች ስላሉን ልንገላገላቸው እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ አውጥተው ልብሶቹ ወዲያው እንዳለቁ በሙያው ታሪክ ተደጋግሞ ይነገራል። ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ዋናሜከር እኚህን ግትር ሰው ከአንድም ሁለት ጊዜ ማሰናበታቸው ነው። የኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ አድርጓል። ሕግ ሊያደርግ የሚችለው ይህን ነው፤ ውሸትን ይከለክላል፣ ሳይነገር ስለቀረው እውነት ግን የሚችለው ጥቂት ነው።

ሳይነገር የሚቀረው እውነት ክብደቱ በግልጽ የሚታየው ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ የቤት ሠራተኞችን በሚጠራ ማስታወቂያ ላይ ነው። ደመወዙ በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ በአሠሪው እንደሚሸፈን ይነገራል፤ የተጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሠራተኛዋ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ስልኳ ከእርሷ ጋር ይቆይ እንደሆነ፣ ፓስፖርቷን ማን እንደሚይዝ፣ ክፍያ ሲቋረጥባት ለማን እንደምትደውል አይጻፍም፤ የመደወያው ቁጥር ከነአገሩ ኮድ በትልቁ ቢታተም የሚወስደው ቦታ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ይህን የሚጽፍ ሰው የግድ ክፉ አይደለም፤ ደላላውም ሆነ ኤጀንሲው ገንዘቡን የሚቀበለው ልጅቷ ቦሌ ላይ ስትሳፈር ከሆነ፣ ጽሑፉ የሚያበቃው እዚያው ቦሌ ላይ ይሆናል። የክፍያው ግማሽ እንደ ብራክ አስተማሪዎች ክፍያ ከውጤቱ ጋር ተያይዞ፣ የዓመቱ ደመወዟ በእጇ መግባቱን ራሷ ስታረጋግጥ የሚለቀቅ ቢሆን፣ ያው ጸሐፊ በዚያው ወረቀት ላይ የሥራ ሰዓቱንም፣ የዕረፍት ቀኑንም፣ የስልክ ቁጥሩንም ያለ ማንም ጉትጎታ ይጽፍ ነበር።